ጎረቤቶቹን ሳትጠይቅ ሳጥኑን አትግዛ

ልጄ፣ ጥያቄህን ደጋግሜ አነበብኩት። ለንደን ውስጥ ያገለገለ ኳድ 405 ፓወር አምፕ በደህና ዋጋ ገዝተሃል፤ ሲዲ ማጫወቻ አለህ፤ ስፒከርም አለህ። የቀረህ ፕሪአምፕ ነው። አንዱ ጓደኛህ «ኤሌክትሪክ የማይሰካ፣ ውስጡ የድምፅ ማዞሪያ ብቻ ያለበት ፓሲቭ ሳጥን ግዛ፤ ከእሱ የጠራ የለም» ይልሃል። ሌላው ደግሞ «ፓሲቭ ሙዚቃውን ያደክመዋል፣ ጉልበት ያሳጣዋል» ይልሃል። አንተም «ጋሼ፣ ማንን ልስማ?» አልከኝ። ሁለቱም የሚነግሩህ የሰሙትን ነው፤ አልዋሹህም። ነገር ግን የሰሙት በየራሳቸው ቤት፣ በየራሳቸው ዕቃ ነው። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና እኛ ከሥሩ እንጀምር።

ፓሲቭ ሳጥኑን ከፍተህ ብታየው የምታገኘው ጥቂት ነው። ከኋላው ሶኬቶች አሉ፤ ከፊቱ የትኛውን ማጫወቻ እንደምትሰማ የምትመርጥበት ቁልፍና ፖታንሽዮሜትር የሚባለው ማዞሪያ አለ። ትራንዚስተር የለውም፣ ቫልቭ የለውም። የመጣለትን ሲግናል ከፍሎ ግማሹን፣ ሩቡን ወይም መቶኛውን ያሳልፋል እንጂ አንዲት ቅንጣት አይጨምርበትም። የሚወደሰው በዚሁ ነው፤ በመንገዱ ላይ ሲግናሉን የሚያዛባ አጉሊ አላስቀመጠም። የሚታማውም በዚሁ ነው፤ የራሱ አቅም ስለሌለው ከፊቱ ያለው ማጫወቻ ብርቱ፣ ከኋላው ያለው አምፕ ደግሞ ብዙ የማይጠይቅ መሆን አለበት። ስለዚህ የሳጥኑን ውበትና ዋጋ ከማጥናትህ በፊት ግራና ቀኙ የሚቀመጡትን መርምር። ከዚህ በኋላ የምነግርህ ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

ፕሪአምፕ ለምን እንደተፈለገ ካወቅህ መቼ እንደማያስፈልግም ታውቃለህ። በሸክላ ዘመን ከመርፌው የሚመጣው ሲግናል ኢምንት ነበር፤ የተለመደው የማግኔት ራስ የሚሰጠው 5 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ያንን አንስቶ ለአምፕ እስኪበቃ ማድረስ ያለ አጉሊ አይሞከርም። ያንተ 405 እ.ኤ.አ. በ1975 ሲወጣ የተሠራው ለዚያ ዘመን ፕሪአምፖች ነው፤ 0.5 ቮልት ከገባለት በ8 ኦም ስፒከር ላይ ሙሉ 100 ዋቱን ያወጣል። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ ሶኒ ሲዲፒ-101 የተባለውን ሲዲ ማጫወቻ ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ። ሲዲ እየተስፋፋ ሲሄድ የማጫወቻዎቹ መውጫ 2 ቮልት አካባቢ ላይ ረጋ፤ ዲጂታሉን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይሩት የዛሬዎቹ ዳኮችም አብዛኞቹ ይህንኑ ይከተላሉ። 2 ቮልት ለ405 ከሚበቃው አራት እጥፍ ነው። ቀድሞ ፕሪአምፑ ይሠራው የነበረውን የማጉላት ሥራ ማጫወቻው ራሱ ጨርሶት መጣ ማለት ነው። ፓሲቭ ሳጥን ቤት ውስጥ ቦታ ያገኘው በዚህ ምክንያት ነው እንጂ ድንገት የተገኘ ጥበብ ሆኖ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ከባድ አይደለም። ሳሎን ውስጥ ተቀምጠህ በመጠነኛ ድምፅ ስትሰማ ስፒከርህ በአማካይ የሚወስደው 1 ዋት ቢሆን ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዚያም ያንሳል። 1 ዋት በ8 ኦም ላይ 2.83 ቮልት ነው። ብዙ ፓወር አምፖች የገባላቸውን ቮልት 20 ጊዜ ያባዛሉ፤ ይህ 26 ዲሲብል ነው። እንዲህ ያለ አምፕ 1 ዋት ለመስጠት የሚፈልገው 0.14 ቮልት ብቻ ነው። ማጫወቻህ የያዘው ግን 2 ቮልት ነው። በመሃል አምስት ጊዜ የሚያባዛ ፕሪአምፕ ካስገባህ የሚያጎላውን ያህል መልሰህ በማዞሪያው ማፈን አለብህ። ይህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ገንዘብህ ወጣ፣ የአጉሊው ፉጨት ተጨመረ፣ ማዞሪያው ደግሞ ከታች ጥግ ተጣብቆ ቀረ። ትንሽ ስትነካው ይጮኻል፣ ትንሽ ስትመልሰው ይጠፋል። እዚያ ጥግ ላይ የግራና የቀኙ ድምፅ እኩል አለመሆኑም ይጎላል፤ ርካሽ ማዞሪያዎች ሁለቱን ወገን አስተካክለው መቀነስ የሚሳናቸው ከታች ነውና። ዘፋኙ ከመሃል ወደ አንዱ ስፒከር ሲያዘነብል የምትሰማው ያኔ ነው።

በዚህ በኩል ያንተ ኳድ ለፓሲቭ አመቺ ነው፤ እንዲያውም አብዝቶ አመቺ ነው። ማርም ሲበዛ ይመራል። የገባለትን ከ56 ጊዜ በላይ ስለሚያባዛ ለ1 ዋት የሚበቃው 0.05 ቮልት ነው፤ ማጫወቻህ የያዘው የዚህን 40 እጥፍ ነው። ስለዚህ ፓሲቭ ብታደርግም ማዞሪያህ እንደገና ወደ ታች ጥግ ይሄዳል። መላው ቀላል ነው። የሚያገናኝልህ ባለሙያ በሁለት ሬዚስተር 12 ዲሲብል የሚቀንስ መከፋፈያ በአምፑ መግቢያ ላይ ይሥራልህ፤ የሬዚስተሮቹ መጠን ግን ማዞሪያውን እንዳይጫነው ሆኖ ይሰላ። አለዚያ በደረጃ የሚዞር፣ በየደረጃው የተለኩ ሬዚስተሮች ያሉበት ማዞሪያ ያለው ሳጥን ምረጥ። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን ግራና ቀኙ ከታችም ከላይም እኩል ይሄዳል።

በተቃራኒው ጫፍ ያለውን ደግሞ እይ። አሜሪካዊው መሐንዲስ ኔልሰን ፓስ ፈርስት ዋት በሚለው ስያሜ ኤፍ4 የተባለ አምፕ ሠርቷል፤ ቮልት ጨርሶ አያጎላም። 2 ቮልት ከገባለት 2 ቮልት ያወጣል፤ በ8 ኦም ላይ ግማሽ ዋት ማለት ነው። ኤፍ4 25 ዋቱን እንዲሰጥህ 14 ቮልት የሚያመጣ ፕሪአምፕ ያስፈልገዋል። ይህን አምፕ በፓሲቭ ሳጥን የሞከረ ሰው «ፓሲቭ ሙዚቃ ይገድላል» ቢል አልፈርድበትም፤ ጥፋቱ ግን የሳጥኑ አይደለም፣ የአጣማሪው ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ የሚሆነው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው።

ቮልቱ ከበቃ ግማሹ መንገድ ተጠናቀቀ። ብዙ ሰው የሚሰናከለው በቀሪው ግማሽ፣ በኢምፒዳንስ ላይ ነው። ከጣሪያ ላይ ሮቶ ያለውን ቤት አስበው። ቧንቧው ሰፊ ከሆነ ማድ ቤት ውስጥ ውኃ ቢከፈትም መታጠቢያ ቤቱ አይጎድልበትም፤ ቧንቧው ጠባብ ከሆነ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይንጠባጠባል። የመውጫ ኢምፒዳንስ የቧንቧው ጥበት ነው፤ የመግቢያ ኢምፒዳንስ ደግሞ ቀጂው ምን ያህል ቆጣቢ እንደሆነ ይነግርሃል። ሰጪው ያለ ጭንቀት እንዲሰጥ የተቀባዩ ኢምፒዳንስ ከሰጪው ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን ይላሉ ባለሙያዎች፤ እኔም በዚህ እጸናለሁ።

ፓሲቭ ሳጥን ቧንቧውን ያጠበዋል። ምን ያህል እንደሚያጠበው በማዞሪያው መጠን ይወሰናል። ባለ 10 ኪሎ ኦም ማዞሪያ ቮልቱን በግማሽ ሲቀንስ፣ እሱም በጣም የሚጠብበት ቦታ ነው፣ የመውጫ ኢምፒዳንሱ 2.5 ኪሎ ኦም ይሆናል። ባለ 100 ኪሎ ኦም ከሆነ 25 ኪሎ ኦም ይደርሳል። ያንተ 405 መግቢያው 20 ኪሎ ኦም ነው። 2.5ን ከ20 ጋር ስታስተያየው ስምንት እጥፍ ነው፤ ለአሥር ጥቂት ቢጎድለውም ይሄ በጣም በሚጠብበት ቦታ ያለው ነው፣ አንተ የምትሰማበት ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ግን ይበልጥ ይሰፋል፤ ስለዚህ ያስኬዳል። 25ን ከ20 ጋር ስታስተያየው ግን ሰጪው ከተቀባዩ የባሰ ደካማ ሆነ። አምፑ 10 ኪሎ ኦም ብቻ ቢሆን ደግሞ ግማሽ ይደርሳል ያልከው ቮልት ወደ ሰባተኛው ገደማ ይወርዳል። ባለ 100 ኪሎ ኦም ሳጥን ከእንዲህ ዓይነት አምፕ ጋር ያገናኘ ሰው «ሕይወት የለውም» ቢልህ አትጠራጠረው።

ገመዱም ድርሻውን ይወስዳል። የተለመደ ገመድ በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ አለው፤ ከጠበበው ቧንቧ ጋር ሲገናኝ ቀጭኑን ድምፅ ይበላል። ባለ 100 ኪሎ ኦሙ ሳጥን ሶፋህ አጠገብ፣ አምፑ ደግሞ በ5 ሜትር ገመድ ማዶ ከስፒከሮቹ ጋር ቢቀመጥ፣ ከ13 ኪሎኸርዝ ገደማ ጀምሮ ላይኛው ድምፅ ይወድቃል። በባለ 10 ኪሎ ኦሙ ሳጥን በዚያው ገመድ ይህ መውደቅ የሚጀምረው ከ120 ኪሎኸርዝ በላይ ነው፤ ከሰው ጆሮ በእጅጉ ይርቃል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል፤ ሳጥኑን ከአምፑ አጠገብ አስቀምጠው፤ በመካከላቸው ያለው ገመድ ከ1 ሜትር አይብለጥ። መርዘም ያለበት ገመድ ካለ ከማጫወቻው ወደ ሳጥኑ የሚሄደው ይርዘም፤ የሲዲ ማጫወቻ መውጫ ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ኦም ብቻ ስለሆነ ይችለዋል።

«ታዲያ ማዞሪያው ባነሰ ቁጥር ይሻላል ማለት ነው?» ትለኝ ይሆናል። አይደለም። መቀነስ ደግሞ በሌላው ጎረቤት፣ በማጫወቻው ላይ ይከብዳል። ቫልቭ ያለባቸው ማጫወቻዎችና ዳኮች የመውጫ ኢምፒዳንሳቸው አንድ፣ ሁለት ኪሎ ኦም ሊሆን ይችላል፤ መውጫቸው ላይም ካፓሲተር አለ። የዚያ ካፓሲተር መጠን 0.47 ማይክሮፋራድ ቢሆንና 10 ኪሎ ኦም ማዞሪያ ብትሰጠው ወፍራሙ ድምፅ ከ34 ኸርዝ ጀምሮ ይወርዳል። 100 ኪሎ ኦም ቢሆን ኖሮ መውረዱ ከ3.4 ኸርዝ ይሆን ነበር፤ ማንም አይሰማውም። ስለዚህ ባለ ቫልቭ ማጫወቻና ያንተ ትራንዚስተር ማጫወቻ አንድ ሳጥን አይጋሩም። ለአንተ 10 ኪሎ ኦም እመርጣለሁ፤ ለእሱ አልመርጥም።

ሁለቱ ጎረቤቶች ካልተስማሙ ተስፋ አትቁረጥ፤ በመሃላቸው ሊገባ የሚችል አለ። ባፈር የሚባለው ሰርኪዩት ቮልት አይጨምርም፤ ቧንቧውን ግን ያሰፋል። ኔልሰን ፓስ ቢ1 የተባለውን የባፈር ንድፍ ቤታቸው ለሚሠሩ ሰዎች በነጻ አውጥቷል፤ ብየዳ የሚችል ሰው ይሠራዋል። ሌላው መንገድ ቮልቱን በሬዚስተር ፈንታ በትራንስፎርመር መቀነስ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን በአሥር ሲቀንስ የማጫወቻው ኢምፒዳንስ በአምፑ በኩል ሲታይ በመቶ ይቀንሳል፤ የሚጠፋውን አቅም መልሶ ይሰጥሃል ማለት ነው። መልካም ነገር ነው፣ ግን ውድ ነው፤ ከአምፑ የኃይል ትራንስፎርመር አጠገብ ካስቀመጥከውም እምም የሚል ድምፅ ይለቅማል። ላንተ በአሁኑ ጊዜ አያስፈልግህም።

አንድ ነገር ግን አስቀድመህ እወቅ፤ ያልኩት ሁሉ 2 ቮልት ለሚሰጥ ማጫወቻ ነው። እናትህ ዘንድ የተቀመጡትን ካሴቶች መስማት ብትፈልግ፣ የካሴት ዴክ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ቮልት አይበልጥም። መከፋፈያው ካልገባበት በኳዱ ላይ ይበቃሃል፤ ነገ 20 ጊዜ ብቻ የሚያባዛ አምፕ ብትቀይር ግን እንግዳ በሞላበት ቤት ይደክማል። ሸክላ ከፈለግህ፣ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 በመሠረተው አምሃ ሪከርድስ የታተሙትን ትናንሽ ሸክላዎች ለመስማት ጓጉተህ እንደነበር አስታውሳለሁ፣ ፓሲቭ ሳጥኑ ብቻውን ምንም አያደርግልህም። ለሸክላ ለብቻው የሚሠራ የፎኖ ማጉያ ግዛ፤ መቶ ጊዜ አጉልቶ፣ ሲቀረጽ የተቀነሰውን ወፍራም ድምፅ መልሶ፣ የተጨመረውን ቀጭን ቀንሶ ለሳጥኑ የሚያስረክብ።

ስለ አደጋው ደግሞ ልንገርህ፤ ይህን ሻጮች አይነግሩህም። አክቲቭ ፕሪአምፕ ብዙ ጊዜ ሲበራ ዝም የሚያሰኝ ሪሌይ አለው፤ ፓሲቭ ሳጥን የለውም። ማጫወቻው ሲበራ ወይም ሲጠፋ የሚያወጣው ምት ሁሉ በቀጥታ ወደ አምፑ፣ ከአምፑ ወደ ስፒከሩ ይሄዳል። ስለዚህ ሲከፈት ማጫወቻው ይቅደም፣ አምፑ የመጨረሻ ይሁን፤ ሲዘጋ አምፑ ይቅደም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ይህ ዕቃ አንድ ቀን አዲስ አበባ እናትህ ቤት ከገባ የሚበልጥ ጥንቃቄ ይሻል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሣልና፣ መብራት እንደጠፋ የአምፑን ማብሪያ አጥፉ።

ሁለተኛው አደጋ ቀጥታ ቮልት ነው። የማጫወቻው ሰርኪዩት ሲያረጅ ከሙዚቃው ጋር ጥቂት ቀጥታ ቮልት ሊለቅ ይችላል፤ ፓሲቭ ሳጥን አያግደውም። አንዳንድ አምፖች መግቢያቸው ላይ ካፓሲተር አለ፤ ያግዱታል። ካፓሲተር የሌለበትና 20 ጊዜ የሚያባዛ አምፕ ግን 10 ሚሊቮልት ሲገባለት 200 ሚሊቮልት በስፒከሩ ላይ ይጭናል፤ ሙዚቃ ባይኖርም የስፒከሩን ጥቅል ከቦታው ይገፋዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ርካሽ መልቲሜትር በቂ ነው። ማጫወቻው በርቶ ሙዚቃ ሳይጫወት በአምፑ የስፒከር መውጫ ላይ ቀጥታ ቮልቱን ለካ። ጥቂት አሥር ሚሊቮልት ከሆነ ችግር የለም፤ ወደ መቶዎች ካለፈ ስፒከሩን አታገናኝ፣ ባለሙያ ይየው። ከአርባ ዓመት በላይ በቆየ አምፕ ላይ ይህን ሳትለካ ስፒከር አታገናኝ። ስፒከሩ ከተቃጠለ በኋላ መልቲሜትር መግዛት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ቁጥሩ ሁሉ ተስማምቶም ቢሆን በጆሮህ ሳታረጋግጥ ገንዘብህን አትጨርስ። ካልታዘልኩ አላምንም አለች ሙሽራ። ዕቃውን መልሶ የሚቀበልህ ሻጭ ምረጥ፤ ከአንድ ሰው የቆየ አክቲቭ ፕሪአምፕ ተዋስና ሁለቱን አወዳድር። ስታወዳድር ድምፃቸው እኩል ይሁን፤ በጥቂቱ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፣ ማንኛችንም ከዚህ አናመልጥም። የ100 ኸርዝ ቃና የያዘ ሲዲ አጫውትና መልቲሜትሩን በስፒከሩ መውጫ ላይ በተለዋዋጭ ቮልት አድርገህ ሁለቱን አስተካክል፤ አንዱ 2.00 ቮልት ሲል ሌላው ከ2.02 አይብለጥ። ከዚያ የምታውቀውን ሙዚቃ ስማ። እኔ የዓለሙ አጋን በገና የያዘውን የኢትዮፒክስ 11ኛ ሲዲ እወስዳለሁ። በገና ላይ ከየአውታሩ ሥር የተቀመጠው የቆዳ እንዚራ የሚሰጠው ዝርዝር ያለ ንዝረት ከወፍራሙ ድምፅ ተነሥቶ እጅግ ላይ ይደርሳል፤ ገመዱ ወይም ማዞሪያው ቀጭኑን ከበላው እንዚራው መጀመሪያ ይደበዝዛል። ጸናጽል የሚሰማበት የመዝሙር ቅጂ ካለህ ደግሞ ልዩነቱ ይበልጥ ይወጣል። ለታችኛው ወገን ከበሮ ስማ፤ ምቱ ብቻ ቀርቶ ከስሩ ያለው ክብደት ከጠፋ ማጫወቻው ማዞሪያውን መሸከም አቅቶታል።

ልዩነት ካልሰማህ ርካሹን ያዝ። ሺት ሲስ የሚባለው ትንሽ ሳጥን ባለ 10 ኪሎ ኦም ማዞሪያ ነው፤ ለአንተ ሲዲ ማጫወቻና ለኳዱ ይስማማል። ከሱ በብዙ እጥፍ የሚሸጡትን ሳጥኖች ዛሬ ተዋቸው፤ የተረፈህ ገንዘብ የኳዱን ያረጁ ካፓሲተሮች ለማስቀየር ይዋል፣ ከሳጥኑ ይልቅ እሱ ድምፁን ይለውጠዋል። ገመድ ከመግዛትህ በፊት ግን የኳዱን ጀርባ አይተህ ንገረኝ፤ የዱሮዎቹ መግቢያቸው የዲን ሶኬት ነውና፣ ካልተቀየረ ከዲን ወደ አርሲኤ የሚያገናኝ አጭር ገመድ ያስፈልግሃል። የሲዲ ማጫወቻህን ሞዴልም ጨምረህ ጻፍልኝ፤ የመውጫውን ኦም ፈልገን አብረን እናያለን።